የዓይን እይታ ክትትል በቀዶ ሕክምና ትምህርት

የዓይን እይታ ክትትል በቀዶ ሕክምና ትምህርት የሐኪሙ ወይም የሠልጣኙ ዓይን በእያንዳንዱ ቅጽበት የት ላይ እንዳረፈ በካሜራና በኮምፒውተር ለክቶ፣ ውጤቱን ለማስተማር፣ በሥራ ላይ ለመግባባትና ችሎታን ለመመዘን የሚውል ዘዴ ነው። በብዛት የተጠናው በላፓሮስኮፒ ላይ ነው። ላፓሮስኮፒ ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች አስገብቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ መምህሩም ተማሪውም የሚያዩት አንድ ስክሪን ስለሆነ የሁለቱን እይታ ማነጻጸር ይቀላል። ዘዴው እስካሁን በዋናነት የሚገኘው በምርምርና በሥልጠና ማዕከላት ነው። ስክሪን የሌለው ቀዶ ሕክምና፣ ለምሳሌ በአማራ ክልል በስፋት የሚሠጠው የትራኮማ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ ተመሳሳይ የማስተማር ችግር ቢኖርበትም ለመሣሪያው ግን ይበልጥ ይከብዳል፤ ይህም ከታች በራሱ ክፍል ተብራርቷል።

«እዚያ» የት ነው?

በቀዶ ሕክምና ክፍል መምህሩ ለተማሪው አንድ ነገር በጣቱ ማሳየት አይችልም። እጁ ሥራ ይዟል፤ ባይዝም ጓንቱ ከጀርም የጸዳ ስለሆነ ስክሪኑን መንካት የለበትም። ፊቱ በጭንብል ስለተሸፈነ ወዴት እንደሚመለከት ከገጽታው መገመትም ያስቸግራል። የሚቀረው ንግግር ነው፦ «እሱን አይደለም፣ አጠገቡ ያለውን»፣ «ትንሽ ወደ ላይ»፣ «እዚያ ጋ፣ አለፍከው»።

እንዲህ ያሉ ቃላት ትርጉም የሚኖራቸው ሁለቱም ሰዎች አንድን ነገር ሲያዩ ብቻ ነው። «ወደ ግራ» የሚለው ቃል እንኳ አያስተማምንም፤ መምህሩ ከጠረጴዛው ማዶ ከቆመ የእሱ ግራ የተማሪው ቀኝ ነው። በላፓሮስኮፒ ደግሞ ካሜራው ትንሽ ሲዞር የስክሪኑ «ላይ» ከሕመምተኛው አካል አቅጣጫ ጋር መገጣጠሙን ያቆማል። ባለሙያዎች ችግሩን የሚያቃልሉት «ወደ ራስጌ»፣ «ወደ ግርጌ»፣ «ወደ ጉበቱ» እያሉ አካሉን ራሱን መለኪያ በማድረግ ነው። ጀማሪው ግን ቃሉን ሰምቶ፣ አቅጣጫውን በልቡ አዙሮ፣ በስክሪኑ ላይ እስኪፈልግ ጊዜ ይወስድበታል፤ በዚያ መሐል እጁ ሊቆርጥ ይችላል።

ጉዳዩ ከመመቸትና አለመመቸት ያለፈ ነው። በአሜሪካ ሎረንስ ዌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት በላፓሮስኮፒ ሲወጣ የሐሞት ቱቦ በስህተት የተጎዳባቸውን 252 አጋጣሚዎች መርምረዋል። በ97 በመቶው ዋናው ምክንያት የእይታ መሳሳት ነበር፤ ሐኪሙ ሊቆረጥ የማይገባውን ዋና ቱቦ የከረጢቱ ቱቦ አድርጎ አይቶታል። የእጅ ቅልጥፍና ጉድለት ዋና ምክንያት ሆኖ የተገኘው በ3 በመቶው ብቻ ነው። ጥናቱ ራሱ የዓይን መከታተያ አልተጠቀመም፤ ሆኖም የቀዶ ሕክምና ትምህርት እጅን ብቻ ሳይሆን ማየትንም ማስተማር እንዳለበት ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ዋነኛው ነው።

አሠራሩ

የሰው ዓይን ከፊቱ ያለውን ሁሉ እኩል አጥርቶ አያይም። ጥርት ያለ ምስል የምትሰጠው በሬቲና መካከል የምትገኘው ፎቪያ የምትባል ትንሽ ስፍራ ብቻ ናት፤ የምትሸፍነው ስፋትም ክንድ ተዘርግቶ ሲታይ ከአውራ ጣት ጥፍር ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ዓይን አንድን ትዕይንት የሚያየው ከነጥብ ወደ ነጥብ እየዘለለ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ ይህ «ቆይታ» ይባላል። በሁለት ቆይታዎች መካከል ያለው «ዝላይ» ከ20 እስከ 80 ሚሊሰከንድ የሚወስድ ሲሆን በዚያ ቅጽበት አእምሮ ምስል መቀበሉን ይቀንሳል። ሰው ራሱ ይህን መዝለል አያስተውለውም።

በዛሬዎቹ መሣሪያዎች በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛው ብሌን፣ ማለትም ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባበት ጥቁር ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ከኮርኒያ (ዓይንን ከፊት ከሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ላይ የሚንጸባረቅ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ነው። መሣሪያው ለሰው ዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ፊት ይልካል፤ ካሜራውም ዓይንን ይቀርጻል። ዓይን ሲዞር ብሌኑ ይንቀሳቀሳል፤ የብርሃኑ ነጥብ ግን እምብዛም ከቦታው አይለቅም። ስለዚህ ከነጥቡ እስከ ብሌኑ መካከል ያለው ርቀትና አቅጣጫ ዓይን ወዴት እንደዞረ ይናገራል።

ይህን ልኬት በስክሪን ላይ ወዳለ ቦታ ለመለወጥ መጀመሪያ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ተጠቃሚው ቦታቸው የታወቀ ነጥቦችን፣ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 9፣ ተራ በተራ ይመለከታል። ሶፍትዌሩ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የተገኘውን ልኬት መዝግቦ፣ ስህተቱን በጣም የሚያሳንሰውን ቀመር ያሰላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ በነጥቦች መካከል መስመር የሚሰመርበት ሒሳብ ሰፋ ያለው ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ልኬት በቀመሩ አልፎ የስክሪን ቦታ ይሆናል።

በሰከንድ 60 ጊዜ የሚለካ መሣሪያ በየ17 ሚሊሰከንድ ገደማ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ለምርምር ከሚውሉት መካከል 1000 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚለኩ አሉ። ይህ የነጥብ ጎርፍ ወደ ቆይታና ዝላይ መለየት አለበት። ሳልቩቺና ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ2000 ካነጻጸሯቸው አልጎሪዝሞች ሁለቱ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። የመጀመሪያው በሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለውን ፍጥነት ለክቶ ከተወሰነ ገደብ የበለጠውን ዝላይ፣ ያነሰውን ቆይታ ይለዋል፤ በጥቂት መስመር ኮድ ይጻፋል። ሁለተኛው ነጥቦቹ ለተወሰነ ጊዜ በጠባብ ስፍራ መሰብሰባቸውን ይመለከታል። ገደቡ ሲቀየር ውጤቱም ስለሚቀየር የሁለት ጥናቶችን ቁጥር ከማነጻጸር በፊት የትኛው አልጎሪዝም በየትኛው ገደብ እንደተሠራበት ማየት ይገባል።

ጥሩ መሣሪያ በተመቸ ሁኔታ የሚኖረው ስህተት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ በ60 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ባለ ስክሪን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ደግሞ 1.3 ሴንቲሜትር ይሆናል። የላፓሮስኮፒ ስክሪን ምስሉን በጣም ስለሚያጎላ ብዙ ጊዜ ይህ ስህተት ይቻላል። መሣሪያው ከስክሪን ሥር የሚቀመጥ ወይም እንደ መነጽር የሚጠለቅ ሊሆን ይችላል፤ መነጽሩ ዓይንን ከሚቀርጹት ካሜራዎች በተጨማሪ ከፊት ያለውን ትዕይንት የሚቀርጽ ካሜራ አለው።

የጠቆረ ቡናማ ዓይን ላለው አንባቢ የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። በተራ ብርሃን የብሌኑና በዙሪያው ያለው የቡናማው ክፍል ቀለም ስለሚቀራረብ ካሜራ ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። በኢንፍራሬድ ግን ቡናማው ክፍል ፈካ ብሎ ስለሚታይ ብሌኑ በግልጽ ይለያል። በመሆኑም በላፕቶፕ ተራ ካሜራ የሚሠሩ ርካሽ መከታተያዎች በሌሎች አገሮች ተሞክረው ያሳዩት ውጤት እዚህ እንዳለ ይደገማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ በኢንፍራሬድ የሚሠሩት ግን ይህ ችግር የለባቸውም።

አጭር ታሪክ

ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ሉዊ ኤሚል ዣቫል እ.ኤ.አ. በ1879 ስለ ንባብ ባሳተመው ጽሑፍ ዓይን በመስመር ላይ እየተንሸራተተ ሳይሆን እየዘለለ እንደሚሄድ ከሚያሳየው ምልከታ ጋር ስሙ ተያይዞ ይነሳል። አሜሪካዊው ኤድመንድ ሂዩይ መካከሉ የተበሳ ትንሽ የጄሶ ሽፋን ዓይን ላይ አስቀምጦ ከአሉሚኒየም ጠቋሚ ጋር በማያያዝ እንቅስቃሴውን መዝግቧል፤ ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም። በሩሲያዊው አልፍሬድ ያርቡስ እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሰው አንድን ሥዕል የተለያየ ጥያቄ እየተጠየቀ ሲያይ የዓይኑ መንገድ እንደ ጥያቄው እንደሚለዋወጥ ታይቷል። ይህ ለትምህርት መሠረታዊ ነው፤ ዓይን የሚሄደው አእምሮ ወደሚፈልገው ነገር ነው።

ወደ ሕክምና የገባው በራጅ ንባብ በኩል ነበር። ሃሮልድ ከንደልና ካልቪን ኖዲን በ1970ዎቹ የሳንባ ራጅ የሚያነቡ ሐኪሞችን ዓይን በመከታተል ያመለጡ እብጠቶችን በሦስት ከፈሏቸው፦ ዓይን ጨርሶ ያላረፈባቸው፣ ያረፈባቸው ግን ያልታወቁ፣ ረጅም ጊዜ ታይተው በመጨረሻ «ምንም አይደለም» የተባሉ። ሦስቱ ስህተቶች ውጤታቸው አንድ ቢሆንም የሚታረሙት በተለያየ መንገድ ነው።

ጀማሪ መሣሪያውን፣ ባለሙያ ዒላማውን ያያል

በካናዳ ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ቤንጃሚን ሎው፣ ስቴላ አትኪንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት ጥናት በዚህ መስክ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። 5 ባለሙያዎችና 5 ጀማሪዎች በኮምፒውተር የላፓሮስኮፒ ሲሙሌተር ላይ የመሣሪያ ጫፍ ወደ ዒላማ እንዲያደርሱ ተደረገ። ባለሙያዎቹ ዓይናቸውን አስቀድመው ዒላማው ላይ አሳርፈው መሣሪያውን በዓይን ጠርዝ እየተከታተሉ አደረሱት። ጀማሪዎቹ ግን መሣሪያው የት እንደደረሰ ለማወቅ ደጋግመው ጫፉን ይመለከቱ ነበር። በአማርኛ የኮምፒውተር ጽሑፍ መጻፍ የጀመረ ሰው ቁልፉን እያየ፣ የለመደ ሰው ስክሪኑን እያየ እንደሚጽፈው ነው።

ይህ ልዩነት የልምድ ውጤት ብቻ ከሆነ ለማስተማር አይጠቅምም። በእንግሊዝ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ማርክ ዊልሰን፣ ሳሙኤል ቫይንና ባልደረቦቻቸው የጠየቁት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ጀማሪ የባለሙያውን እይታ ቢማር እጁ ቶሎ ይከተላል? እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት 30 የሕክምና ሠልጣኞችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን የባለሙያውን ዓይን መንገድ በቪዲዮ አይቶ እንዲመስለው ተደረገ፤ ሌላው የመሣሪያውን እንቅስቃሴ ተማረ፤ ሦስተኛው በራሱ ሞክሮ እንዲደርስበት ተተወ። እይታ የተማሩት ከሁሉም ፈጥነው ሥራውን ለመዱት፤ ሌላ ሥራ ሲደረብባቸውም ከሌሎቹ የተሻለ ጸኑ። የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ክብደት አለው፤ እውነተኛው ቀዶ ሕክምና ክፍል ማንንም በአንድ ሥራ ላይ ብቻ አይተውም።

ተቀራራቢ ሐሳብ ከስፖርት የመጣው «የረጋ ዓይን» ነው። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ቪከርስ ጥሩ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከመወርወራቸው በፊት ዓይናቸውን በዒላማው ላይ ረዘም አድርገው እንደሚያሳርፉ በ1990ዎቹ አሳየች፤ ከዓመታት በኋላም ይኸው ሥልጠና በቀዶ ሕክምና ቋጠሮ አቋጣጠር ላይ ተሞክሮ ከተለመደው ሥልጠና የተሻለ ውጤት ሰጥቷል።

የመምህሩን ዓይን በስክሪን ላይ ማሳየት

እስካሁን የተነሳው ከሥራው በፊት ስለሚሰጥ ሥልጠና ነው። በሥራው መሐል ለመግባባት ግን የመምህሩ እይታ ወዲያውኑ በተማሪው ስክሪን ላይ እንደ ነጥብ እንዲታይ ይደረጋል። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የአንድሩ ቼትውድና ባልደረቦቹ ሙከራ የንግግር መመሪያን ከዚህ ነጥብ ጋር አነጻጽሮ፣ ነጥቡ ሲኖር ሥራው የሚወስደው ጊዜም የሚፈጸመው ስህተትም እንደቀነሰ አሳይቷል።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ሁለት አስቸጋሪ ነገሮች ይገጥማሉ። አንደኛ፣ ዓይን በተፈጥሮው አያርፍም። ጥሬው ልኬት በቀጥታ ቢታይ ነጥቡ እንደ ዝንብ እየዘለለ ተማሪውን ይረብሻል። ለማለስለስ የተከታታይ ልኬቶችን አማካይ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ከሚለካ መሣሪያ 12 ልኬቶች ቢደመሩ የ200 ሚሊሰከንድ መስኮት ይሆናል፣ ነጥቡም ከእውነተኛው እይታ 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደኋላ ይቀራል። ማለስለስ ሲጨምር መዘግየት ይጨምራል፤ ከሁለቱ ነጻ የሆነ ምርጫ የለም።

ሁለተኛው «የሚዳስ ንክኪ» ይባላል። ሚዳስ በግሪክ አፈ ታሪክ የነካው ሁሉ ወርቅ የሚሆንበት፣ እንጀራውም ሳይቀር ወርቅ ሆኖ የተራበ ንጉሥ ነው። ሮበርት ጃኮብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህን ስም በዓይን ለሚታዘዙ ኮምፒውተሮች የሰጠው ሰው ያየውን ሁሉ ማዘዝ ስለማይፈልግ ነው። መምህሩ የሕመምተኛውን የልብ ምት ሰሌዳ ሲያይ፣ ነርሷን ሲያይ፣ ዝም ብሎ ሲያስብ ነጥቡ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ነጥቡ እንዲታይ የሚፈለግበትን ጊዜ በእግር ፔዳል ወይም በድምፅ መለየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከዓይን ይልቅ እጅን መርጠዋል፤ በሜሪላንድ የሄለና ሜንቲስ ቡድን መምህሩ ስክሪኑን ሳይነካ በእጅ እንቅስቃሴ የሚመራው ጠቋሚ ነጥብ ሠርቷል። መጠቆም በፈቃድ የሚደረግ፣ ማየት ግን በአብዛኛው ያለፈቃድ የሚሆን ስለሆነ ምርጫው ምክንያት አለው።

የተገላቢጦሹ መንገድ፣ የተማሪውን ዓይን ለመምህሩ ማሳየት፣ ያን ያህል አይወራለትም፤ ጥቅሙ ግን ሳይበልጥ አይቀርም። መምህር «ቱቦው ይታይሃል?» ሲል ተማሪ ሳይታየውም «አዎ» ሊል ይችላል፤ በተለይ መምህር በሚፈራበት ቦታ። የተማሪው እይታ በስክሪን ላይ ካለ መምህሩ ምላጩ ከመነሳቱ በፊት ያውቃል።

ማየት ማስተዋል አይደለም

የዓይን ማረፍ ብቻውን የመረዳት ማስረጃ አለመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2013 በታወቀ ሙከራ ታይቷል። ትራፍተን ድሩና ባልደረቦቹ የሳንባ ሲቲ ስካን ውስጥ የጎሪላ ምስል አስገብተው 24 የራጅ ሐኪሞች እብጠት እንዲፈልጉ ሰጡ። 20ዎቹ ጎሪላውን አላዩም፤ ከእነዚህ 12ቱ ግን ዓይናቸው በቀጥታ ጎሪላው ባለበት ቦታ ላይ አርፎ ነበር። የተማሪው ነጥብ ትክክለኛው ቦታ ላይ መዋሉ ጥሩ ምልክት ቢሆንም መምህሩ መጠየቁን እንዲተው አያደርገውም።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። መነጽር፣ ማጉያ መነጽርና ላብ ልኬቱን ያዛባሉ፤ በጭንቅላቱ ላይ ያለው መሣሪያ ትንሽ ከተንሸራተተ ማስተካከያው እንደገና መሠራት አለበት። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ወደታች ሲያይ የላይኛው ቆብ ብሌኑን ስለሚሸፍነው በእጅ በሚሠራ ክፍት ቀዶ ሕክምና ብዙ ልኬት ይጠፋል። አብዛኞቹ ጥናቶች በጥቂት ሰዎችና በሲሙሌተር ላይ የተሠሩ ናቸው። ከዚህ ሌላ ብሌን በአእምሮ ጫና ጊዜ እንደሚሰፋ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስለሚታወቅ፣ ይኸው መሣሪያ የሐኪሙን ጭንቀትና ድካም ሊመዘግብ ይችላል። ለትምህርት የተቀረጸ መረጃ ለፈተና ውጤት፣ ለቅጥር ወይም ለክስ እንዳይውል የሚወስን ደንብ ከመሣሪያው ቀድሞ መኖር ይገባዋል።

በገበያ ላይ ከዋሉት የቀዶ ሕክምና ሮቦቶች መካከል ሴንሃንስ የተባለው ካሜራውን በሐኪሙ ዓይን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት አለው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ፈቅዶለታል። እዚያ ዓይን የሚያገለግለው ለትእዛዝ እንጂ ለማስተማር አይደለም።

ስክሪን በሌለበት፦ የትራኮማ ቀዶ ሕክምና በአማራ ክልል

ትራኮማ በክላሚዲያ ትራኮማቲስ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጠኛው ክፍል ጠባሳ ያወጣና ይኮማተራል፤ የቆቡ ፀጉርም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን ይፍቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ የነበረባቸው ሲሆን፣ ከ15 ዓመት በላይ ካሉት 5.2 በመቶው ፀጉሩ የተቀለበሰባቸው ነበሩ፤ ሁለቱም ከአገሪቱ ክልሎች ከፍተኛው ነው። ደቡብ ጎንደርም በሽታው ከጸናባቸው ዞኖች ነው። በጣራ ገዳም አካባቢ ካለችው አዲስ ዘመን በወረታ በኩል እስከ ጣና ዳር በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ እንደ ሌላው የክልሉ ገጠር ሁሉ፣ የተቀለበሰ ፀጉርን በወረንጦ መንቀል የቆየ ልማድ ነው። ወረንጦ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት ይጠቃሉ።

ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው በአብዛኛው በዓይን ሐኪም ሳይሆን ለዚሁ ሥራ አጭር ሥልጠና በወሰዱ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች፣ በጤና ጣቢያ ወይም በዘመቻ ነው። መካከለኛ ባለሙያን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ በአካባቢው አዲስ አይደለም፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር የተጀመረው።

ሥራው ከ20 ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ይመስላል፤ ቆቡ በማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ ከቆቡ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ገደማ ርቆ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይሰፋል። ዋናው ልዩነት ቆቡ በሙሉ ውፍረቱ ይቆረጣል ወይስ ከውስጥ በኩል ያለው ክፍል ብቻ የሚለው ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል 1000 ሕመምተኞች ላይ ሁለቱን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በ12 ወር ውስጥ ፀጉሩ ተመልሶ የተቀለበሰው ሙሉ ውፍረቱ ከተቆረጠላቸው 22 በመቶ፣ ከውስጥ በኩል ብቻ ከተቆረጠላቸው 13 በመቶው ላይ ነበር። ዘዴው ብቻ ሳይሆን አሠራሩም ይወስናል፤ ተከታዩ ትንተና ያልተስተካከለ የቆረጣ መስመርንና በቆቡ ዳርና ዳር በበቂ አለመላቀቅን ከደካማ ውጤት ጋር አያይዟቸዋል። ስህተቱ ግን በዚያው ቀን አይታይም። ፀጉሩ የሚመለሰው ከወራት በኋላ፣ አሠልጣኙ ከሄደ፣ ሠልጣኙም ሌሎች ብዙ ቆቦችን ከሠራ በኋላ ነው።

አቅጣጫን በቃል የማስተላለፉ ችግር እዚህም አለ። ሠልጣኙ ከሕመምተኛው ራስጌ ተቀምጦ ፊቱን ተገልብጦ ያየዋል፤ አሠልጣኙ ከጎን ሆኖ ያያል። «ወደ ላይ» ሲባል ወደ ግንባሩ ይሁን ወደ ጠርዙ አይለይም። «ወደ አፍንጫው በኩል»፣ «ወደ ጆሮው በኩል» የሚለው አነጋገር ማንም የትም ቢቀመጥ አይዛባም።

የዓይን መከታተያ መነጽር እዚህ ቢታሰብ መጀመሪያ የሚገጥመው ሒሳብ ነው። ሠልጣኙ የሚሠራው ከ40 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት ቢሆን ግማሽ ዲግሪ ስህተት 3.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ከቆቡ ጠርዝ እስከ መቁረጫው መስመር ካለው 3 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ መሣሪያው ሠልጣኙ ጠርዙን ያይ ወይስ መስመሩን መለየት አይችልም ማለት ነው። 2.5 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ከተደረገ ስህተቱ ወደ 1.4 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ነገር ግን ማጉያው ራሱ ዓይንን የሚቀርጸውን ካሜራ ይጋርዳል፣ ወደታች በማየት የሚመጣው የቆብ መሸፈንም ይጨመራል። አፍንጫ በኩል ያለው ዳር መታየቱንና አለመታየቱን ለመሰለ ሰፋ ያለ ጥያቄ ግን ይህ ትክክለኛነት ይበቃል።

የበለጠ የሚያዋጣው መንገድ ሥራውን በቅርብ ቀርጾ በስክሪን ላይ አጉልቶ ማሳየት ነው። ያኔ ነገሩ ወደ ላፓሮስኮፒው ሁኔታ ይመለሳል፤ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ቪዲዮውን ሲያይ ዓይኑ ተከትሎ ይመዘገባል፣ ሠልጣኞችም ያንኑ ነጥብ እያዩ ይማራሉ። ለዚህ የሚሆኑ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ፤ የበርሊኑ ፒዩፕል ላብስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የመከታተያ ኮዱን ክፍት አድርጎ አሠራጭቷል፣ የብራውን ዩኒቨርሲቲው ዌብጌዘር ደግሞ በድረ ገጽ መቃኛ ውስጥ በተራ ካሜራ ይሠራል። ሁለተኛው ስለ ቡናማ ዓይን ከላይ የተባለው ችግር አለበት።

ለትራኮማ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የተሠራው ዋና መሣሪያ ሄድ ስታርት የተባለው አሻንጉሊት ራስ ነው። የዓይን ቆቦቹ የሚቀያየሩ ናቸው፤ ሠልጣኙ ወደ ሕመምተኛ ከመሄዱ በፊት ይቆርጥባቸዋል፣ ይሰፋባቸዋልም። ከተሠራ በኋላ ቆቡ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አሠልጣኙ የቆረጣውን ቀጥተኛነት፣ የዳሮቹን መላቀቅና የስፌቶቹን ርቀት ከሠልጣኙ ጋር እያየ በማስመሪያ ይለካል።